ሴትዮዋ ትፈጠር፣ ቀሚሱ ግን አይፈጠር፦ የሐበሻ ልብስ በኤአይ ሞዴል ለምትሸጡ

«ሞዴሏ ማን ናት? ስንት ከፈልሻት?» በሳምንት ሁለት ሦስቴ ኢንቦክሴ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ሴትዮዋ የለችም። በኤአይ የተሠራች ናት። ወዲያው ደግሞ «እንዴት አድርገሽ?» ይከተላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ጣቴ ስለደከመ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብያለሁ።

የምጽፈው በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በኢንስታግራም የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ ለምትሸጡ ነው። ጫማና ቦርሳ የምትሸጡም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እንዲያውም ጥለት ስለሌለበት ለእናንተ ይቀላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ኤአይ የሰጣችሁትን ፎቶ አይገለብጥም። ልብሱን አይቶ ከባዶ እንደገና ይስለዋል። ተራ ነጭ ሸሚዝ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም። ጥለት ሲሆን ግን ሸማኔው ያልሸመነውን ነገር ያወጣል፤ መስመር ይጨምራል፣ ቀለም ይለውጣል፣ መስቀሉን አበባ ያደርገዋል። እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። አሜሪካ ያለች ደንበኛ አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ በፎቶ አይታ አዘዘች። ሲደርሳት «ይሄ እኮ አይደለም ያዘዝኩት» አለች። ፎቶውን ከቀሚሱ ጋር ሳስተያየው እውነቷን ነው። ኤአዩ በጥለቱ መሐል አንድ ወርቃማ መስመር ጨምሮበታል። ገንዘቧን መለስኩ፣ የመላኪያውንም ቻልኩ።

ስለዚህ ዘዴያችን ይህ ነው። ልብሱን እውነተኛ ሰው ይለብሰዋል። የምንቀይረው የለባሿን ፊት፣ ፀጉርና ከኋላዋ ያለውን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ። ውድ መሆን የለበትም፤ ሌንሱን ግን በጨርቅ ጥረጉት።
- ትልቅ መስኮት ያለው ክፍል።
- ግራጫ ወይም ቡናማ አንሶላ። ነጭ አይሆንም፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።
- ካውያ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር።
- ልብሱን የምትለብስ ሰው፤ እህት፣ ጓደኛ ወይም ራሳችሁ። ካልተገኘ ሱቅ በር ላይ የሚቆመው አሻንጉሊት።
- ፎቶ ተቀብሎ የሚያስተካክል ኤአይ። እኔ ጀሚናይን ነው የምጠቀመው። ቻትጂፒቲም ይሠራል።
- ማስታወሻ ደብተር። የምሬን ነው፤ ቆይታችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

1. የትኛው ፎቶ በኤአይ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ ለዩ

ለአንድ ልብስ አምስት ስድስት ፎቶ ትለጥፋላችሁ እንበል። በኤአይ የሚሠራው አንዱ ብቻ ይሁን፤ ዓይን የሚስበው የመጀመሪያው። ሌሎቹ ያልተነኩ እውነተኛ ፎቶዎች ይሁኑ። ደንበኛ የምትቆመው ለመጀመሪያው ፎቶ ነው፤ ብር የምታወጣው ግን የጥለቱን ክር ቀርባ ስታይ ነው። ሁሉንም በኤአይ ከሠራችሁት የምታረጋግጥበት ነገር አይኖራትም።

2. ልብሱን ተኩሱና አልብሱ

ኤአይ የጨርቅ እጥፋትን አንዳንዴ እንደ ስፌት ያየዋል። ከማዳበሪያ ውስጥ አውጥታችሁ እንደተጨማደደ ካነሳችሁት ወገቡ ላይ የሌለ ቅድ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ካውያ።

ቀሚሱ ለለባሿ ከሰፋ ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ከፊት በኩል ግን ምንም ነገር አትሰብስቡ፤ ጥለቱ ይጣመማል። ለባሿንም አስፈቅዱ። «ፊትሽ ይቀየራል፣ ሰውነትሽና እጅሽ ግን ያው ይቀራል፣ ለንግድም ይለጠፋል» ብላችሁ በግልጽ ንገሯት። እሺታዋን በቴሌግራም በጽሑፍ ብትልክላችሁ ይመረጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። የእህት ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ስቃ ትለብሳለች፣ ነገ እጮኛዋ ያየዋል።

3. በመስኮት ብርሃን ስድስት ፎቶ አንሱ

ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አቁሟት። መስኮቱ በጎኗ በኩል ይሁን። ፍላሽ አጥፉ። ፍላሽ ወርቃማውን ክር ነጭ ያደርገዋል፤ ያ ክር በፎቶው ከጠፋ ደግሞ ኤአዩ በግምት ይሞላዋል።

አሁን ወደ ነጩ አንሶላ ልመለስ። ስልክ ሁሉም ነገር ነጭ የሆነበትን ፎቶ ሲያነሳ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ያኔ አዲስ ፈትል አሥር ጊዜ የታጠበ ይመስላል። ግራጫ ወይም ቡናማ አንሶላ ከኋላ ስታደርጉ ይህ ይቀንሳል፣ የነጠላው ጠርዝም ከግድግዳው ተለይቶ ይታያል። አሁንም ከጨለመ ስክሪኑ ላይ ቀሚሱን ነክታችሁ ብርሃኑን ጥቂት ጨምሩ። የጥለቱ ቀለም መገርጣት ሲጀምር አቁሙ።

የሚነሱት ስድስቱ እነዚህ ናቸው፤ ሙሉ ቁመት ከፊት፣ ሙሉ ቁመት ከኋላ፣ አንገት እስከ ደረት፣ የእጅጌው ጫፍ፣ ጥለቱ ከአንድ ስንዝር ርቀት፣ የታችኛው ጠርዝ ከሜትር ጋር። የመጀመሪያውን ስታነሱ ስልኩን ወደ ለባሿ ወገብ ዝቅ አድርጉ። ከላይ ወደ ታች ከተነሳ እግሯ ያጥራል፣ ቀሚሱም አጭር ይመስላል።

4. ሴትዮዋን በቃላት ጻፉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቆንጆ ኢትዮጵያዊት» ብሎ ይጽፍና የሚመጣለት ነገር ያስደነግጠዋል። ወይ አንገቷ ሙሉ ጨሌ የሆነች፣ ወይ ነጠላዋን እንደ ህንድ ሳሪ የጠመጠመች፣ ወይ ከጀርባዋ ደረቅ በረሃ ያለባት ሴት ትመጣለች። ዝርዝር ካልሰጣችሁት የራሱን ግምት ነው የሚያወጣው።

ስድስት ነገር ጻፉ፤ ዕድሜ፣ የቆዳ ቀለም፣ ፀጉር፣ ጌጥ፣ የፊት ስሜት፣ የቆመችበት ቦታ። በአማርኛ ብትጽፉለትም ይገባዋል። ግን የእኛን የመልክ ቃላት እንዳለ አትስጡት። እኔ አንዴ «ቀይ ዳማ» ብዬው ቀይ ቀሚስ ያደረገች ሴት ሰጠኝ። «ቀይ» በማለት ፈንታ «ፈካ ያለ ቡናማ ቆዳ»፣ «ጠይም» በማለት ፈንታ «መካከለኛ ቡናማ ቆዳ» በሉት። ሹሩባንም አብራሩለት፤ «ከግንባር ወደ ኋላ በቀጭን በቀጭኑ የተጎነጎነ፣ ከማጅራት በታች የተለቀቀ ፀጉር» እንደማለት።

ዕድሜዋን ሁልጊዜ በቁጥር ጻፉ፤ 25፣ 35፣ 50። ካልጻፋችሁ ሁሌም 20 ዓመት ገደማ የሆናትን ያመጣል። ለእናት የሚገዛውን ቀሚስ ልጅ እግር ለብሳው ስታይ ደንበኛዋ «ይሄ ለእማዬ አይሆንም» ብላ ታልፈዋለች።

5. ትእዛዙን ስጡ

የመጀመሪያውን ፎቶና የጥለቱን ቅርብ ፎቶ አብራችሁ ጫኑ። ሁለተኛው የሚጫነው ጥለቱን ሲስል የሚያይበት እንዲኖረው ነው። እኔ የምጠቀምበትን እንዳለ እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ቃላቱን ለልብሳችሁ እየቀየራችሁ ውሰዱት።

*«በመጀመሪያው ፎቶ ያለውን ቀሚስ እንዳለ ተወው። ቀለሙን፣ በደረቱ መሐል የሚወርደውን የተሸመነ ጌጥ፣ የአንገቱን ቅርጽ፣ የእጅጌውንና የቀሚሱን ርዝመት አትንካ። የጌጡን ዝርዝር ከሁለተኛው ፎቶ ተመልከት። የሰውነቷን ውፍረትና አቋቋም አትቀይር። የምትቀይረው ፊቷን፣ ፀጉሯንና ከኋላ ያለውን ብቻ ነው። አዲሷ ሴት 35 ዓመት ገደማ፣ መካከለኛ ቡናማ ቆዳ ያላት፣ ፀጉሯ ከግንባር ወደ ኋላ በቀጭኑ የተጎነጎነ፣ ትንሽ የወርቅ ጉትቻ ያደረገች፣ ፈገግ ያለች ናት። ከኋላዋ ቢጫማ የድንጋይ ግድግዳ ይሁን። ብርሃኑ እንደ መጀመሪያው ፎቶ ከግራ ይምጣ።»*

«የሰውነቷን ውፍረት አትቀይር» የሚለውን እንዳትዘሉት። ኤአይ ወገብ ማቅጠን ይወዳል። ወገቡ ሲቀጥን የቀሚሱ አወራረድ ይለወጣል፤ ያኔ የምትሸጡት ሌላ ልብስ ሆነ ማለት ነው። የብርሃኑም ነገር እንዲሁ ነው። ፊቷ ላይ ከቀኝ፣ ቀሚሱ ላይ ከግራ ከመጣ ሰው ለምን እንደሆነ ባያውቅም «የተቀጠለ ነገር አለው» ይላል።

የመጣው ካልጣማችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። ከሦስት ማስተካከያ በኋላ ግን ያንን ጥላችሁ ከመጀመሪያው ፎቶ እንደገና ጀምሩ። እያንዳንዱ ማስተካከያ ምስሉን እንደገና ስለሚስለው ጥለቱ በየዙሩ እየራቀ ይሄዳል። ፎቶ ኮፒን ደግሞ ኮፒ ስታደርጉት እንደሚሆነው።

6. ከመለጠፋችሁ በፊት አጉልታችሁ መርምሩ

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የምወስደው እዚህ ነው፤ ለአንድ ፎቶ አሥር ደቂቃ። እውነተኛውን ፎቶ በአንድ ስልክ፣ የኤአዩን በሌላ ስልክ ከፍታችሁ ጎን ለጎን አድርጉ።

መጀመሪያ ጥለቱን። ቀለማቱን ቁጠሩ፣ መስመሮቹን ቁጠሩ። እኔ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ከአንገት ወደ ታች እየወረድኩ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ቤተሰቤ ለምዶታል። አንዲት መስመር ካልገጠመች ያ ፎቶ አይወጣም። ቀጥሎ አንገቱን፣ እጅጌውን፣ የቀሚሱን ጫፍ። ከዚያ ጣቶቿን። አዎ፣ ጣትም ይቆጠራል።

ከዚያ ነጠላዋን። እዚህ ላይ ኤአይ ምንም አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። አንዲት ወዳጄ የሙሽራ ቀሚስ ለጥፋ ነበር። ሴትዮዋ ውብ ናት፣ ጥለቱም ደህና ነው። ነጠላውን ግን ኤአዩ ራሱ ጨምሮ አልብሷታል፣ ጥለቱም ወደ አንገቷ ዞሯል። ዘቅዝቃዋለች ማለት ነው። የመጀመሪያው አስተያየት «ማን ሞተባችሁ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ነፍስ ይማር»። ቀኑን ሙሉ ሲሳቅባት ዋለና አወረደችው። ስለዚህ ነጠላ ያለበት ፎቶ ከፈለጋችሁ ለባሿ ራሷ በትክክል ለብሳው ትነሳ። ኤአይ ነጠላ እንዲያለብስ አትዘዙ።

ቡና እያፈላች እንድትታይ ከፈለጋችሁም ዕቃዎቹን እዩአቸው። እጀታ ያለው ሲኒ፣ ከሰል የሌለበት ምድጃ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ የግዕዝ ፊደል የሚመስል ነገር ካለ አንብቡት። አብዛኛውን ጊዜ ፊደል መሳይ ጭረት ነው። አጥፉት ወይም ከኋላ ባዶ ግድግዳ ብቻ አስደርጉ።

በመጨረሻ ለአንድ ሰው አሳዩ፤ ልብሱን ለሸመነው ሰው ቢሆን ደግሞ ግሩም ነው። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔዬ ፎቶውን በሁለት ሰከንድ አይቶ «ይሄ የኔ እጅ አይደለም» ካለ ነገሩ አለቀ፤ እንደገና እሠራለሁ።

7. ፊቷን አስቀምጡ

ጥሩ ፊት ስታገኙ ፊቷን ብቻ ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ የጻፋችሁትንም መግለጫ ደብተሩ ላይ ገልብጡት። በሚቀጥለው ቀሚስ ፊቷን እንደ ሦስተኛ ፎቶ ጫኑና «ይህችው ሴት ትሁን» በሉት። በየፎቶው አዲስ ሰው ከመጣ ገጻችሁ ከየቦታው የተለቃቀመ ፎቶ ይመስላል፤ ደንበኛም የሌላ ሱቅ ፎቶ ሰርቃችሁ የለጠፋችሁ መስሏት ትጠራጠራለች።

ስም ብትሰጧት ችግር የለም። «ይህን ቀሚስ ለብሼ ሰርጌ ላይ ሁሉም አደነቀኝ» እንድትል ግን አታድርጓት። የሌለች ሰው ምስክር አትሆንም፤ ያ ማጭበርበር ነው።

8. ልኩን በሴንቲሜትር ጻፉ

በኤአይ ፎቶ ልብስ ሁሉ ልክ ነው። አይጠብም፣ አይሰፋም፣ አይረዝምም። በዚህ ላይ የምትታየው ሴት እውነተኛ ሰው ስላልሆነች «ሞዴሏ 1.70 ናት፣ የለበሰችው ሚዲየም ነው» ማለት አትችሉም። ልብሱን ጠረጴዛ ላይ አንጥፋችሁ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመትና ከትከሻ እስከ ጫፍ ያለውን ለኩና ጻፉ። የሚጠየቅበት ጨርቅ ከሆነ «ሲታጠብ ይሰበሰባል» ወይም «አይሰበሰብም» የሚለውንም ጨምሩ። ውጭ ላለች ደንበኛ ይህ ከፎቶው በላይ ያስፈልጋታል፤ መልሳ ልትልክ ብትል የመላኪያው ዋጋ ከቀሚሱ ሊበልጥ ነው።

9. በኤአይ የተሠራች መሆኗን ጻፉ

እኔ ከፎቶው ሥር የምጽፈው ይህን ነው፦ «የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለችው ሴት በኤአይ የተሠራች ናት። ቀሚሱ እውነተኛ ነው፤ ቀጣዮቹን ፎቶዎች ይመልከቱ።» ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሽያጬ አልቀነሰም። «ፌክ ነው» የሚለው አስተያየት ግን ቀነሰ።

ቲክቶክ እውነተኛ የሚመስል የኤአይ ምስል ምልክት እንዲደረግበት ያስገድዳል። ከመለጠፋችሁ በፊት በተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ማብሪያው አለ። ኢንስታግራምም ተመሳሳይ ምልክት አለው። ቴሌግራም ላይ በራሳችሁ ጽሑፍ ግለጹ። ጀሚናይ በሚሠራው ምስል ውስጥ ሲንትአይዲ የሚባል ለዓይን የማይታይ ምልክት ስላለ «አይታወቅብኝም» ብላችሁ አትድከሙ።

ኒው ዮርክ ሆናችሁ ወይም ወደ ኒው ዮርክ እያስተዋወቃችሁ ለምትሸጡ ደግሞ ነገሩ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የተፈረመው የግዛቲቱ ሕግ በማስታወቂያ ላይ በኤአይ የተሠራ ሰው ካለ በግልጽ እንዲነገር ያዛል። ቅጣቱ ለመጀመሪያው 1,000 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 5,000 ዶላር ነው።

ማስጠንቀቂያ

- የታወቀች ዘፋኝ ወይም ተዋናይት ፊት አታስመስሉ። «እሷን የምትመስል» ብሎ መጻፍም ያው ነው።
- ደንበኛ ለልክ ብላ የላከችላችሁን ፎቶ ኤአይ ውስጥ አትጫኑ። ለልክ ነው የላከችው።
- የልጆች ልብስ ከሆነ የልጅ ፎቶ አትጫኑ፣ ልጅም አታስፈጥሩ። ማንጠልጠያ ላይ ወይም መሬት ላይ አንጥፋችሁ አንሱት፤ እንደዚያም ይሸጣል።
- የሌላ ሱቅ ፎቶ ወስዳችሁ ፊት ቀይራችሁ አትለጥፉ። ባለቤቱ ጥለቱን ያውቀዋል።

10. በቅደም ተከተል ለጥፉ፣ ፋይሉን ያዙ

አንደኛ የኤአዩ ፎቶ። ሁለተኛ ያው ቀሚስ በለባሿ ላይ፣ ፊቷ ከአገጭ በታች ተቆርጦ፣ ምንም ሳይነካ። ሦስተኛ ጥለቱ በቅርብ። አራተኛ ጀርባው። ከቻላችሁ ቀሚሱን በእጃችሁ ይዛችሁ በመስኮት ብርሃን ስታገላብጡት የሚያሳይ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ጨምሩ። የጨርቁን ክብደትና ሳሳ ማለቱን የሚያሳይ እሱ ብቻ ነው።

ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንሰው ጥለቱ ይደበዝዛል። ጥለቱን በደንብ ለማየት ለጠየቀች ደንበኛ ፎቶውን በፋይል መልክ ላኩላት።

ለእያንዳንዱ ቀሚስ ስልካችሁ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ያልተነኩት ስድስቱ ፎቶዎች፣ የኤአዩ ፎቶ፣ ልኩና የሰጣችሁት ትእዛዝ ይቀመጡበት። ቀሚሱ ከተሸጠ በኋላም አታጥፉት። ለጥምቀት ትእዛዝ ሲጣደፍና ደንበኛ «ያዘዝኩት ይሄ አይደለም» ስትል የምትከፍቱት እሱን ነው። ከቀሚሱ ጋር አስተያዩት፤ ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ በዚያው ቀን ገንዘቧን መልሱላት።